አረፋ የማይወደው ማሽን

ውድ እትዬ፣

በስልክ ወሬ ስጀምርልሽ «ድስት ጥጃለሁ» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ይኼን የምታነቢላት ምራቷ፣ የተናደድኩበት ቦታ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ ዘለሽ ብታልፊ እትዬ ታውቅብሻለች።

ሐኪሙ «ይኼ የእጅ አንጓ ከእንግዲህ ልብስ አይጨምቅም» ካለሽ በኋላ ለሳምንት ብለሽ ልጅሽ ቤት ሄድሽ፣ ቀረሽ። አሁን ደግሞ «አጥቤ ካላደርኩ እዚያ ቤት ምን ልሠራ? ልጎለት?» ብለሻል አሉ። ይኼን የሰማሁ ቀን በንዴት ሳፋውን በእርግጫ ብዬው እግሬ አብጧል። «ክብሪት» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ምን ላድርግ።

ልጅሽ ደውሎ «ማሽን እገዛላችኋለሁ፣ አንቺ ምረጪ» ሲለኝ ከኋላው ድምፅሽ ይሰማኝ ነበር። «ማሽን ልብስ ያንከባልላል እንጂ አያጥብም!» ትያለሽ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እንዳንቺ የሚያጥብ ካላገኘሁ አትመለሺም።

የሉካንዳውን ሰውዬ ጋውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ማሽን መሸጫው ሱቅ ሄድኩ። ከደንበኞቻችን ልብስ ሁሉ የሱን የሚያህል ክፉ የለም፤ ደም፣ ጮማ፣ የእጅ እድፍ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው።

ስገባ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ነጫጭ ማሽኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ክብ የመስታወት አፋቸውን ከፍተው እናታቸውን እንደሚጠብቁ የወፍ ጫጩቶች። በየመስታወቱ ውስጥ አንድ አንድ እኔ አለች፣ እያንዳንዷም ፌስታል ይዛለች። ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም። እትዬ፣ ያልተወለደ ልብስ የሚኖርበት አገር ይመስል ነበር።

ከረባት ያሰረው ሻጭ መጣ። «ምን ልርዳሽ እህቴ?»

«ይኼን እጠብልኝ፣ ከነጣ እገዛለሁ።»

ፌስታሉን ከፍቶ አየና ወደኋላ አለ። «እኛ ማሽን እንሸጣለን እንጂ ልብስ አናጥብም።»

«ታዲያ በደንብ እንደሚያጥብ በምን አወቅክ? አይተኸዋል ወይስ ነግሮሃል?»

ባለሱቋ ከውስጥ ሳቀች። «ተዋት፣ ጥግ ያለው ውኃ ተገጥሞለታል። ትሞክር» አለችው። ዱቄት ሳሙና በማንኪያ ሰፍራ ሰጠችኝ። ጋውኑን ከተትኩ፣ ሙቅ የሚለውን ተጫንኩ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እጅጌው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰላም ይለኛል፣ ተመልሶ ይሰምጣል። ደግሞ ይወጣል። ሳየው ሳየው እጆችሽ እዚያ ውስጥ ናቸው አልኩ፤ አሽተሽ፣ ገልብጠሽ፣ ደግሞ አሽተሽ። ከትምህርት ቤት በሩን ወርውሬ የወጣሁ ዕለት ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ አንቺ ሳፋ አቀረብሽልኝና «በይ፣ መጀመሪያ ንዴትሽን ጭመቂ» አልሽኝ። ሳፋው ላይ ጎንበስ አልኩ። ጨመቅኩ። ከዚያ ወዲህ እናት ያለችኝ እየመሰለኝ ነው የምውለው፤ ነግሬሽ ግን አላውቅም።

ከሕልሜ ያነቃኝ አረፋው ነው፤ አለመኖሩ። «አረፋው የታለ?» ብዬ ጮህኩ።

«ይኼ ብዙ አረፋ አይወድም» አለኝ ሻጩ።

«አረፋ የሌለው እጥበት ምን እጥበት ነው? ዝናብ ላይ ማስጣት ነው እንጂ!» አንቺ ያስተማርሽኝ እንደዚያ ነዋ፤ አረፋ ክርን ካልደረሰ እጥበቱ አልተጀመረም።

ጋውኑ ታጥቦ ወጣ። ወደ በሩ ይዤው ሄጄ እንዳንቺ በብርሃን አየሁት። ብብቱን አሸተትኩ። እትዬ፣ ነጭ! ኪሱ ሥር ብቻ አንድ ቡናማ ጥላ ቀርቷል። ሻጩን ልጮህበት አፌን ስከፍት ያንቺ ድምፅ ቀደመኝ፦ «ደምን ሙቅ ውኃ ያስቀረዋል፣ ቀዝቃዛ ያስወጣዋል።» መጀመሪያ መዘፍዘፍ ነበረብኝ። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። እሱን መረጥኩ፤ እኔ ስሳሳት እንኳ የራሱን ሥራ በትክክል የሠራው እሱ ነውና።

ማሽኑ ቤት ሲደርስ የቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ገጠመልኝ። ታዲያ ያ የአረፋ ነገር ከልቤ አልወጣልኝም። ማንኪያ ዱቄት አንጀቴን አላራሰኝም፤ አንድ ደረቅ ሳሙና ሙሉውን ፈቅፍቄ ጨመርኩበት። አንቺን ላስደስት ብዬ ነው።

መጀመሪያ አረፋው ከማሽኑ በር ጥግ እንደ ምላስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ወለሉ ጠፋ። ቀጥሎ እግሬ ጠፋ። አረፋው ወንበሩን ቀስ ብሎ ዋጠው፣ ወደ መስኮቱ ወጣ፣ ፀሐይዋ ስትነካው በእያንዳንዷ አረፋ ውስጥ ትንሽ መስኮት፣ በመስኮቷ ውስጥ ትንሽ ሰማይ። ቤታችን ከመሬት የተነሳ መሰለኝ። መጮህ ነበረብኝ፣ ግን አልጮህኩም።

የቧንቧ ሠራተኛው በር ላይ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ የገጠምኩልሽ ማሽን ነው ደመና?»

ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አንቺ ብትኖሪ «ቀንሺ!» ትይኝ ነበር፤ አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ማሽኑ ያጥባል። ሳሙናውን ከቀነስኩ ወዲህ ኮሌታው ሁሉ በረዶ ነው። የሉካንዳው ሰውዬ እንኳ በቀዝቃዛ ዘፍዝፌ ደግሜ ያጠብኩትን ጋውኑን ገልብጦ ገልብጦ የሚሰድበኝበት ነገር አጣ። ግን ማሽን የሰጡትን ያሽከረክራል እንጂ «ይኼ ምንድነው?» ብሎ አይጠይቅም። እጅ አለው፣ አፍንጫ የለውም፣ አፍ የለውም። እኔ ደግሞ አፍ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ አመጣች። ወገቡ ላይ አንድ ነጥብ አለ። እሷ የመርፌ ዝገት ነው ትላለች፣ እኔ ሻይ ይመስለኛል። የተሳሳተ ነገር ካስነካሁት ለዘላለም እዚያው ነው፣ ሙሽራዋም እሑድ ትለብሰዋለች። «እትዬ ሐሙስ ትደርሳለች፣ አይታ ትነግረናለች» ብዬ ማልኩላት። ሴትየዋም «እሷ ካለችማ» ብላ ትታው ሄደች። እኔን አይታ አይደለም የተወችው፣ ይግባሽ።

ሳትፈቅጂልኝ በስምሽ ስለማልኩ ስደቢኝ። ግን በስልክ አይደለም፣ እዚህ መጥተሽ፣ ቁጭ ብለሽ ስደቢኝ። አንጓሽን ውኃ አላስነካውም፤ ቀሚሱንም እስክታሸቺው ድረስ እኔም ማሽኑም አንነካውም።

ሐሙስ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ያንቺው፣
ክብሪት