ጠጠር መጣያ የጠፋበት ቀን

ድሬዳዋ፣ ጥር 1980 ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ የሺአረግ፣

ይህን የምጽፍልሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። ሁለት ወር ሙሉ በጎኔ ተጋድሜ እንደ ጉድ ሳቃስት እንደከረምኩ ለምታውቂው ለአንቺ ግን ይቺ ብቻዋን ደብዳቤ ናት፤ ቀሪውን ባታነቢውም ግድ የለም። (አንብቢው። እጄ እስኪዝል ነው የጻፍኩት።)

ጠጠሩ ወርዷል። ቢላዋው ይቅር። አዲስ አበባ፣ ሆስፒታላችሁ የያዝሽልኝን አልጋ ለሌላ ስጪው። ይህን ደብዳቤ በመንገድ ላይ ከፍተው የሚያነቡ ሰዎች ካሉም፣ ጠጠር ስል ከኩላሊቴ የወጣ ጠጠር ማለቴ ነው፤ የምስጢር ቃል አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ደህና አድርጋችሁ አሽጉልኝ።

እንዴት ወረደ ትይኛለሽ። ያልሽኝን ባለመስማቴ ነው። «አባባ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተኛ፣ እስክትመጣ ድረስ የሚያንገጫግጭ መኪና ላይ እንዳትወጣ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። መኪና ላይ አልወጣሁም፤ ማርያምን! የወጣሁት ሞተር ላይ ነው። ሞተር ደግሞ አልከለከልሽኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ የእርዳታ ድርጅት ከውጭ ሁለት ባለአራት ጎማ ሞተሮች በጅቡቲ በኩል አስመጣ። እንደ ሞተር ብስክሌት በመሪ የሚነዱ፣ ሰው እንደ በቅሎ እግሩን ከፍቶ የሚቀመጥባቸው፣ ግን አራቱም ጎማ በሞተር የሚጎተት። መኪና ከማይገባበት ገጠር በሽተኛ ለማውጣት ነው የታሰቡት። ከሁለቱ የሚሻለው ተመርጦ በብዛት ሊታዘዝ ነው። ሹፌሩ ደግሞ የጎረቤታችን የሰምሰም ልጅ ዳሂር ነው። አንድ ጠዋት በመስኮት ብቅ አለ። እንደምታውቂው ዳሂር «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ በሶማሊኛው «አደር»፣ አጎቴ ይለኛል፣ በቃ።

«አደር ዘገዬ፣ ሥራ አለ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«መቀመጥ።»

«ደመወዙስ?»

«አቦ! መቀመጥ ነው አልኩህ እኮ። ለመቀመጥ ማን ይከፍላል?»

«ቢሮ ለሚውሉት ሁሉ ይከፈላል» አልኩት። ዳሂር ወደ ኋላው ዞር ብሎ ተገላመጠ። መራጩን ኮሚቴ ወክሎ የሞተሮቹን ፈተና የሚመራው ጓድ ወልደጻድቅ አጥራችን ሥር ቆሞ ነበር። ስሙ ከቤተ ክርስቲያን፣ ማዕረጉ ከቀበሌ፤ ግን ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡን አስረዳኝ፤ ሽማግሌ የቻለውን በሽተኛ ይችለዋል፤ ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በሁለቱም ላይ ገጠር፣ ዋሂል ደርሶ ይመለስና የቱ እንደሚደላ በሐቅ ይናገር። ስለ ጠጠሩ አልነገርኩትም። ዋሂል ሲል ሰምቼ ነበርና ሌላው ነገር ሁሉ ከጆሮዬ ጠፋ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ሞተሮቹን የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ስም አውጥተውላቸዋል። ትልቋን «ወይዘሮ»፣ ትንሹን «ፌንጣ» ነው የሚሏቸው። ዳሂር ተንበርክኮ ሆዳቸውን አሳየኝ። ወይዘሮ በአራቱም ጎማዋ ላይ የየራሱ ሞላ አላት፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌሎቹ ወሬውም አይደርሳቸው። ታዲያ ሦስት ኩንታል ያህል ትመዝናለች። ፌንጣው ቀላል ነው፤ ሁለት ጎበዝ ጎን ለጎን ሆኖ ያነሳዋል። የቀለለውም ከፊት ብቻ ሞላ ስላለው ነው። የኋላ ጎማዎቹ ያለ ምንም ሞላ ከአካሉ ጋር የታሰሩ ናቸው።

«ከኋላ ታዲያ ምንድን ነው የሚያመቸው?» አልኩት።

«ጎማው ውስጥ ያለው አየር።»

«እኔ የት ነው የምቀመጠው?»

«ከኋላ» አለኝ፤ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሞተሩ ሥር ገባ።

ስንሄድ እኔና ዳሂር በወይዘሮ፣ ጓድ ወልደጻድቅ በፌንጣው ሆንን። ፈተና ነው ተብሎ ድልድዩን ትተን በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ገባን። ደቻቱ ክረምት ክረምት ሰው ይወስድ የለ? በበጋ ደግሞ ሞተር ይበላል። ወይዘሮ መሀል ላይ ስትደርስ አራቱንም ጎማ እያሽከረከረች ቁጭ አለች፤ ባጓራች ቁጥር ይበልጥ ሰመጠች። ፌንጣው በአጠገባችን ዘሎ አለፈና ማዶ ሆኖ ጠበቀን። አሸዋ የሚጭኑ ጎረምሶች ተጠርተው በስንት «ሆ!» አወጧት። እኔ እንድወርድ ማንም አልጠየቀኝም። ልውረድ ብዬም አልጠየቅኩም፤ ሥራዬ መቀመጥ ነው።

ድንጋያማው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን፣ የሺዬ፣ ወይዘሮ ወይዘሮነቷን አሳየች። የወደቀ ቋጥኝ ላይ ስትወጣ «ይቅርታ» እያለች የምትወጣ ነው የሚመስለው። ዳሂር ጀርባ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጓድ ወልደጻድቅ ተጠግቶ «ጓድ ዘገዬ፣ ምቾቱ እንዴት ነው?» ሲል ነው የነቃሁት።

«ተኝቼ ነበር፤ ለምን ቀሰቀስከኝ?»

«ጥሩ አስተያየት ነው» አለና አለፈ።

ዋሂል የሄድኩት ዲሪርን ልሰናበት ነው። እኔ የባቡር ቲኬት ቆራጭ፣ እሱ ከነፍየሎቹ ጅቡቲ ተመላላሽ ከነበርንበት ዘመን ጀምሮ የተወዳጀሁትን ዲሪርን። ዕድሜ ልኬን ቲኬት ስቆርጥ ኖሬ በመጨረሻ እኔው ልቆረጥ ነውና ሳልሰናበተው ብሄድ ዕረፍት አላገኝም ብዬ። ከቤቱ ደጅ ምንጣፍ ላይ አገኘሁት።

«ልሰናበትህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«የት ልትሄድ?»

«አዲስ አበባ። ሆዴን ሊቀድዱት።»

ጺሙን አሸት አሸት አደረገና፦

«ስምህ ማን ነው?»

«አበድክ እንዴ? ዘገዬ ነዋ!»

«ታዲያ ምን አቻኮለህ?»

ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ ግን ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ፤ እሱም አየ። ከዚያ በኋላ ነገር አልጨመረም፤ የግመል ወተት ብቻ ይጨምርልኛል። ጣሳዬን ባጎደልኩ ቁጥር ሞላው። እምቢ ስለው «ሰው ሲሰናበት ይጠጣል» ይለኛል። ስንለያይ እጄን ይዞ ረጅም ዱዓ አደረገልኝ። እኔም አሜን አልኩ። ሁለታችንም ዳግመኛ እንደማንተያይ ሰው ነው የተሰነባበትነው።

በመልሱ ሞተር ተቀያየርን። ፌንጣው! ልጄ፣ ስለ እሱ ምን ልበልሽ። ፊቱ ድንጋዩን በሞላው ተቀብሎ ያልፋል፣ ኋላው ደግሞ ያንኑ ድንጋይ ሳይቀንስ ሳይጨምር ለእኔ ያስረክባል። ዳሂር ያለበት ፊት ነው፤ እሱ ያንጎራጉራል፤ እኔ ከመቀመጫው ላይ እየተነሳሁ እየተመለስኩ የቀሩኝን ጥርሶች በምላሴ እቆጥራለሁ።

«ጓድ ዘገዬ፣ ምቾቱ?»

«መልሴን ቀበሌ ቢሰማው ደስ አይለውም!»

«ይህም ጥሩ አስተያየት ነው!» አለ ከወይዘሮ ላይ ሆኖ፣ እንደ ንጉሥ ተደላድሎ።

አጋማሹ ላይ ሕመሙ መጣ። እንደ ወትሮው ወገቤ ላይ አልቆመም፤ እንደ ጋለ ብረት ወደ ታች ይወርዳል። የዳሂርን ሸሚዝ ነክሼ ያዝኩ። «አደር፣ ላቁም?» አለኝ። አታቁም አልኩት። እዚያ ሜዳ ላይ ከምቀር ቤቴ ልድረስ ነው ያልኩት፤ በልቤ። ያን ጊዜ ስላንቺ ነበር የማስበው።

መጋላ ገበያ ስንገባ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጥፍት አለ። በቦታው የመጣው የዲሪር ወተት ነው። ሰዓቱ ደግሞ ጫት የሚገባበት ሰዓት፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ጋሪ፣ ፍየል፣ በዚያ ላይ ሞተሩን ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ። ፌንጣው ቆመ።

«ዳሂር፣ አውርደኝ! ሽንቴ!»

«ወላሂ አደር፣ ቻል ትንሽ! አታይም? ጠጠር መጣያ ቦታ የለም እኮ!»

«እሱን ነው የምፈልገው! ጠጠር መጣያ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጨርቅ ሻጯ ቢሻሮ ግን አልሳቀችም። ከሱቋ ወጥታ ፊቴን አየችና «ወሪያ ዳሂር! ሽማግሌው ወዙ ሄዷል፣ አውርደው!» ብላ ጮኸች። ሰዉን በክርኗ እየከፈለች ወደ ጓሮዋ አስገባችኝ፤ ባዶ ጣሳ አቀበለችኝና በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነርስ ስለሆንሽ አልዘረዝረውም። ጮህኩ። ቀጥሎ ጣሳው «ቅጭል» አለ።

«አደር! ሞትክ?» አለች ቢሻሮ ከበሩ ውጪ።

«ወለድኩ!» አልኳት።

እልልታዋን አቀለጠችው። ውጪ ያለው ሕዝብም ነገሩን ሳያውቅ ተቀበላት። የመጋላ ሰው እልል ከተባለ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጠጠሯን አጥቤ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት፤ ምስር አታህልም። እንዲህ ያለችውን ነገር ነው ሁለት ወር የፈራሁት ብዬ አፈርኩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፤ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ «ጠጠሩ ሊወርድ የደረሰ ነበር፣ ወተቱም ረድቷል፣ ይህን ግን ሕክምና ብለህ እንዳታወራ» አለኝ። ማን ሊሰማው! አሁን ወገቤን፣ ሆዴን፣ ጉልበቴን የሚል ሁሉ ዳሂር ደጅ ተሰልፎ «ፌንጣው ላይ አንድ ዙር!» እያለ ነው። ጓድ ወልደጻድቅም ግራ ገብቶት መጣ። «ጓድ፣ አንተን ያዳነው ፌንጣው አይደለም? ታዲያ እሱን ልምረጥ?» አለኝ።

«የኋላው መቀመጫ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ብትሆንስ?» አልኩት። «ወይዘሮን እዘዝ። አሸዋውን በድልድይ እለፉ። ስትሰምጥ የሚገፋ ሰው አይጠፋም፤ የተሰበረ አጥንት ይዞ ፌንጣው ላይ የሚጸና ሰው ግን አታገኝም።» ወይዘሮ ታዘዘች።

አሁን ቀልዱን ላቁምና ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የፈራሁት ቢላዋውን አልነበረም። አያትሽ ወይንሸት የተቀደደች ዕለት እኔና አንቺ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ አንቺ ትንሽ ልጅ ነሽ። በሩ ተከፍቶ ነርሷ ስትወጣ ምንም ሳትናገር ፊቷን አይተሽ አወቅሽ። እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨመቅሽው። እኔን ቢቀድዱኝና ባልነሳ እንደዚያች ነርስ በዚያ በር የምትወጪው አንቺ ነበርሽ። ወጥተሽ ደግሞ ወንበሩ ላይ ማንንም አታገኚም፤ ከእኔ በቀር ዘመድ የለሽማ። በዚያ ፌንጣ ላይ ሸሚዝ ነክሼ ሳለሁ የታየኝ ያ ባዶ ወንበር ነው።

እንግዲህ ለቀዶ ሕክምናው በተያዘው ቀን በባቡር እመጣለሁ፤ ግን ልታከም አይደለም። የምትሠሪበት ክፍል በር ላይ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ደክሞሽ ስትወጪ ቀና ብዬ ፊትሽን የማይ ሰው እሆናለሁ። ዘበኛው «ማንን ነው የሚጠብቁት፣ አባት?» ቢለኝ ስምሽን እነግረዋለሁ።

አያትሽ
ዘገዬ