የሲዲቃ ዓሦች አልሞቱም

ውድ ልጄ ሀይፋ፣

የአንቺን፣ የባለቤትሽን የአብዱረህማንን፣ የልጅሽን የሲዲቃን ጤና ሳልጠይቅ ወሬ መጀመር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰላምታውን መደርደር ከያዝኩ ዋናውን ሳልናገር ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንዴ ልበለውና ይውጣልኝ። ዓሦቹ አልሞቱም። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍልሽ ሎሚ ከታች ጠጠሩን እየለቀመች ነው፤ ጌጤ ደግሞ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ታፈጥብኛለች። ሞቱ ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው።

ምነው አልደወሉም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አፌን አላምነውም፤ ያንን ውሸት ያመጣብኝ እሱ ነው። እጄ ግን ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ብዙ ስላልጻፈ ዘገምተኛ ነው፤ ከአእምሮዬ አይቀድምም። ለዚህ ነው ወረቀት የገዛሁት።

በኅዳር ከግቢዬ ለቃችሁ ዕቃችሁን አይሱዙ ላይ ስትጭኑ የዓሦቹ ገንዳ መስታወት ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ቤታችሁን እስክታደላድሉ እኔ ዘንድ ይቆይ ተባለ። አደራ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ትእዛዙን የሰጠችኝ ግን ሲዲቃ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምግቡን በጣትዎ ቆንጥረው ነው እንጂ በእፍኝ አይደለም አለችኝ። ውኃውን በሙሉ አይድፉት፣ ሩቡን ብቻ እየቀዱ ያውጡ፣ የሚጨምሩትን ባልዲ ላይ ያሳድሩት፣ ሳሙና እንዳያስነኩት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁት። እሺ እሺ እያልኩ በሆዴ ግን አማኋችሁ። ይሄ ሁሉ ለዓሣ ነው ወይ፣ አራስ ቤት አደረጉት እኮ እያልኩ። ወፍራሟን በእኔ በጌታነሽ ስም ጌጤ ያለቻትም ሆዷን አይታ መሆኑን አላጣሁትም።

መጀመሪያ ላይማ አበላሸሁ። እኛ ቤት የገባ ፍጡር ጠግቤያለሁ ቢል ማን ይሰማዋል? ማዕድ ላይ ስቀመጥ አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ሲያዩኝ አላስችል አለኝና የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ ጣልኩላቸው። በሉ። ጨመርኩ። እሱንም በሉ። ውኃው እንደ አተላ ደፈረሰና ሁለቱም ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። ተርበትብቼ ስደውልልሽ፣ ዓሣ ከረሃብ ይልቅ ጥጋብ ነው የሚገድለው፣ አንድ ቀን ምንም አይስጧቸው፣ ውኃውን ጥቂት ጥቂት ይቀይሩ አልሽኝ። እንዳልሽው አደረግሁ፤ ተረፉ።

ከዚያ ደግሞ ውርጩ ሲበረታ ይበርዳቸዋል ብዬ ገንዳውን በወፍራም የሱፍ ባና ጠቀለልኩት። እንዴት እንደሳቅሽብኝ። ብርድ የሚወዱ ናቸው፣ የመንዝ ሰው በሏቸው አልሽኝ። እንዲያ እያልሽ አስተማርሽኝ። መብራት ሲጠፋና አየር የምትነፋላቸው ትንሿ ሞተር ስትቆም፣ ውኃውን በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ እንዳፈስላቸው የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። መብራታችንን ታውቂዋለሽ። ቁጭ ብዬ ስቀዳና ሳፈስ የዋልኩበት ቀን አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እናንተ ስትወጡ ቤቱ ጭር አለብኝ። ባለቤቴ ገሠሠ ካረፈ ወዲህ ግቢውን የምትሞላልኝ ሲዲቃ ነበረች፤ ሩጫዋን እየተቆጣሁም ቢሆን እወደው ነበር። አሁን ከገበያ ስመለስ ወደ በሩ ቀና የሚሉልኝ ዓሦቹ ብቻ ሆኑ። ምግብ ፈልገው እንጂ ናፍቄያቸው እንዳልሆነ አላጣሁትም። ቢሆንም ደስ ይለኛል። የበግ ፀጉር እየፈተልኩ የገበያውን ወሬ እነግራቸዋለሁ። ወደድኳቸው፣ ምን ልበልሽ። በዚህ ዕድሜዬ ዓሣ ወደድኩ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

በጥር መጨረሻ ደውለሽ፣ ቤቱ ተደላድሏል፣ ቅዳሜ አብዱረህማን ለዕቃ ይመጣል፣ ዓሦቹንም ይዞልን ይመለሳል ስትዪኝ፣ “ውይ ልጄ፣ ሞተዋል እኮ” አልኩሽ። አስቤበት አልነበረም። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ያን ጊዜ መመለስ እችል ነበር፤ ቀለድኩ ብል ያልፍ ነበር። አንቺ ግን ወዲያው ልታጽናኚኝ ጀመርሽ። አይዘኑ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የአላህ ሥራ ነው፣ ደክመውላቸዋል አልሽኝ። እኔም አሜን አልኩ። ሲዲቃ ስልኩን ተቀብላ የት ቀበሯቸው ስትለኝ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር አልኳት። አንድ ላይ ነው ወይ አለች። አዎ፣ አንድ ላይ አልኳት። እሺ ብላ ስልኩን መለሰችልሽ፤ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ አብዱረህማን ሙዝና ፓፓያ ተሸክሞ መጣ። እኔ ገንዳውን ጓዳ አስገብቼ ያንኑ ባና አልብሼዋለሁ። ሻይ አቅርቤለት ስንጫወት የሞተሯን ድምፅ ሰማና ምንድን ነው አለኝ። ፍሪጅ ገዛሁ አልኩት። በሞላሌ ብርድ ፍሪጅ። እሱ ግን እንኳን ደስ አለዎት ብሎ መረቀኝ፤ ክፉ አያስብም፣ ምን ያድርግ።

ሊሄድ ሲነሳ ከከረጢቱ በላስቲክ የተጠቀለለች የጽጌረዳ ችግኝ አወጣ። ሲዲቃ ከመቃብራቸው ላይ እንዲተክላት ልካው ኖሯል። ጽዱ ሥር ወስጄ እዚህ ጋ ነው ብዬ ያልተነካ መሬት አሳየሁት። ዶማ ሳቀብለው፣ “ኧረ እማማ፣ በዶማማ ይነካቸዋል” አለኝና ማንኪያ ጠየቀኝ። ያንን የሚያህል ሰው ተንበርክኮ በማንኪያ፣ ቀስ እያለ፣ እየተጠነቀቀ ባዶ መሬት ሲቆፍር አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ችግኟን ተከለ፤ ውኃ አጠጣ። ከዚያ ለሲዲቃ የማሳየው ነው ብሎ ስልኩን አወጣና ከአበባዋ አጠገብ እንድቆም ለመነኝ። ቆምኩለት። ፎቶው እናንተ ዘንድ አለ። አይተሽው አዝነው ከስተዋል ብለሽኝ ነበር፤ ያ ሐዘን አይደለም ልጄ፣ ዕፍረት ነው።

ከዚያ ወዲያ ደስታዬ ጠፋ። ምግባቸውን ቆንጥሬ እሰጣለሁ፣ ውኃቸውን እቀይራለሁ፤ ማጫወቱ ግን ቀረ። ለራሴ የማሰማው ምክንያት ነበረኝ። ሸዋ ሮቢት ሐሩር ነው፣ ውኃው ሲሞቅ አየሩ ያንሳቸዋል፣ ቢሄዱ ይሞታሉ፣ ስለዚህ አተረፍኳቸው እንጂ አልሰረቅኳቸውም እያልኩ። ሙቀት እንደማይስማማቸው እውነት ነው፤ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። ይህን ፈርቻለሁ ብዬ ነግሬሽ ቢሆን ምክር ይባል ነበር። ዋሽቼ ስደብቃቸው ግን ሌብነት ነው። እኔ ሌላውን ሰው አደራ በላ እያልኩ ስንት ጊዜ አምቻለሁ መሰለሽ።

በሁዳዴ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ታዲዮስ ልናገር ሄድኩ። አደራ በልቻለሁ አልኳቸው። ምን ነበር ሲሉኝ ዓሣ ማለት አፈርኩ። ስንት የከበደ ኃጢአት ያለበት ሰው ደጃቸውን ሲጠና እኔ የልጅ ዓሣ ይዤ ልቁም? እሳቸው ማፈሬን አይተው በግ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አባቴ፣ ሁለት በግ አልኳቸው። ንስሐ ላይ ቆሜ ዋሸሁ፣ ይገባሻል ሀይፋ? እሳቸውም ረጋ ብለው፣ “ወልደው ከሆነም ከነግልገላቸው መልሺ” አሉኝ። እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ ሳቁ ልቅሶ ሆነ። ትናንት ተመልሼ ሄጄ በጎቹ ዓሣ መሆናቸውን ተናዘዝኩ። አልሳቁብኝም። ልጅቷ ታውቃለች ወይ ብቻ አሉኝ።

ታውቅ ዘንድ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ሹፌር አወቀ ያደርስልሻል፤ በመጪው ቅዳሜ ደግሞ ከእሱው ጋር ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወርጄ ዓሦቹን ይዤልሽ እደርሳለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ አልሰጣቸውም፤ መንገድ ላይ ውኃውን እንዳያቆሽሹ። ክዳን ባለው ባልዲ፣ አየር እንዲኖራቸው ሳልሞላው አመጣቸዋለሁ። የለመዱትን ውኃ ለብቻ በጀሪካን እይዛለሁ፤ ባዶው ገንዳና ሞተሯም አብረውኝ ይመጣሉ። አንቺም ከወዲሁ ውኃ አሳድሪ፤ ያንቺን ከእኔ ጋር ጥቂት በጥቂት እያደባለቅን ነው የምናለማምዳቸው። ገንዳውን ቆርቆሮው የማያግልበት ክፍል፣ ወለሉ ላይ እናስቀምጠው። እናንተ እውነተኛ ፍሪጅ ስላላችሁ ሃይላንድ ውኃ ሞልተሽ አቀዝቅዥ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሃይላንዱን እንደታሸገ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ ነው። ሞተሯ ቀን ከሌት ትሥራ። እንዲህ ሆነው የሚኖሩ ይመስለኛል። ባይሆንላቸውም የእናንተ ናቸው፤ የሚወስነው የእናንተ ቤት ነው እንጂ የእኔ ፍርሃት አይደለም።

ለአብዱረህማን ይህንን አንብቢለት። በማንኪያ የቆፈረባትን ሰዓት ሳስብ ፊቱን የማይበት ዓይን የለኝም፤ ከመምጣቴ በፊት ተናዶ ቢጨርስልኝ እወዳለሁ። አንቺም ተናደጂ፤ መብትሽ ነው።

ለሲዲቃ ግን እንዳትነግሪያት። ዓሦቹ ተርፈው ኖሯል፣ እማማ ተሳስተው ነው ብለሽ እንዳታለዝቢልኝም፤ ልብሽን ስለማውቀው ነው። እኔው ራሴ፣ ባልዲውን ከመክፈቴ በፊት፣ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ዓሦቿን ካየች በኋላማ ደስታዋ ጥፋቴን ይሸፍንልኛል፤ እሱን አልፈልግም።

ደግሞ አንድ ነገር። ትልቅ ሰው ሲመጣ ልጅን ተነሽ፣ ሳሚ ማለት ያደግንበት ነው። ቅዳሜ እንዲያ ብለሽ አታስነሻት። ከነገርኳት በኋላ ጉንጬን ልትስመኝ ካልፈለገች አታስገድጃት፤ ፊቷን ብታዞርብኝም ተያት። እኔ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

እማማሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን ግን ሲዲቃ እማማ ብላ እስክትጠራኝ ድረስ ላቆየው።

ጌታነሽ
ሞላሌ