ገመድ ላይ የዋለው የጳጳሱ ሸሚዝ

ቶርልቢ፣ የቄሱ ቤት
ሐሙስ፣ ሜይ 14 ቀን 1987

የኔ ፒፓ፣ የሆዴ ልጅ፣

እልል በይ! ተቀምጠሽ ከሆነ ተነሺ፣ ቆመሽ ከሆነ ዝለይ! አባትሽ ጳጳስ ሆነ። አዎ፣ ራሱ አባትሽ፣ እስከ ዛሬ ሁለት የተለያየ ካልሲ አድርጎ የሚወጣው ጄፍሪ ፌርሊ፣ የኤልምቸስተር ጳጳስ! ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ተነገረ። እኛ እዚያው ኤልምቸስተር ካቴድራል ነበርን። ከሰዓት በኋላ ወደ ቶርልቢ ስንመለስ ደወሉ ይደወላል፣ ሰዉ በር ላይ ተሰልፏል፣ ሥጋ ሻጩ ሽርጡን ሳይፈታ መጥቶ አባትሽን አቅፎ አነሣው። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከስድስት ሳምንት በፊት ከለንደን፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሯ ቢሮ፣ ደብዳቤ መጣ። ሹመቱን ይቀበላሉ ወይ ይላል፤ እስኪታወጅ ድረስ ግን ከባለቤትዎ በቀር ለማንም እንዳይናገሩ ይላል። ወጉ እንደዚያ ነው፣ ለወለዷት ልጅ እንኳ አይነገርም። ስለዚህ እንዳትቀየሚኝ። በፋሲካ ደውለሽ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ስትዪኝ "ምንም፣ ድመቷ ወለደች" ያልኩሽ ምላሴን ነክሼ ነው። ድመቷ እውነት ወልዳለች፣ እሱ ውሸት አይደለም።

ነገሩ ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልሽ። የአባትሽ አንድ ጓደኛ ነበር። ሚስቱ ለፀጉር ሠሪዋ ሹክ ብላ፣ ወሬው ቀድሞ ጋዜጣ ላይ ወጣና ሹመቱ ቀረበት። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ያችኑ ደብር ይዞ ተቀመጠ። አባትሽ ደግሞ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስሙ ተነሥቶ ቀርቷል፤ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ይህቺ ካመለጠችው ሌላ አትመጣም።

እንግዲህ ስሚ። ጳጳሳት ብቻ የሚለብሱት ወይን ጠጅ ቀለም ሸሚዝ በፖስታ ተልኮ መጣ። አባትሽ ሲለካው "ካርቶን ነው፣ አንገቴን በላኝ" አለ። ማክሰኞ ጠዋት በማለዳ አጠብኩለት። አጥቤ የት ያሰጣሁት ይመስልሻል? ጓሮ ገመድ ላይ! ከጥቁሮቹ ሸሚዞቹ መሃል፣ መንገዱ ፊት ለፊት! አስጥቼም የታመመ ልጠይቅ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ጥቁሮቹ አሉ፣ ወይን ጠጁ የለም። አለቀ፣ ሰውየውን ጉድ ሠራሁት አልኩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኦግደን ናቸው፣ ኦርጋን ተጫዋቿ። መዝሙሩ ይፍጠን ይዘግይ እያሉ ከአባትሽ ጋር ዘጠኝ ዓመት የተጨቃጨቁት። በመንደሩ ወሬ ከሳቸው የሚቀድም እንደሌለ ታውቂያለሽ። እጃቸው ላይ የወረቀት ከረጢት ይዘዋል።

"ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ አነሣሁልሽ" አሉኝ። ሰማዩ ላይ ዳመና የሚባል የለም።

"ምኑን?" አልኩ እንደ ጅል።

"የመጋረጃሽን ጨርቅ። ተኩሼዋለሁ። አንገቱ ጋ ግን ጨርቅ የሚያደርቀውን ስታርች አትጨምሪበት፣ ያሳክከዋል።"

"ወይዘሮ ኦግደን፣ እባክዎን..."

"ምን እባክዎን አለው? ዓይኔ ደክሟል፣ ቀለም አልለይም። ይልቅ ንገሪኝ፣ እስከ መቼ ጉንፋን ይያዘኝ?"

"እስከ ሐሙስ" አልኩ። "እስከ አራት ሰዓት።"

"በይ እንግዲህ እስከ ሐሙስ አልጋ ላይ ነኝ። ደግሞ ያ ሰውዬ ሲሄድልኝ መዝሙሬን በፈለግኩት ፍጥነት እመታዋለሁ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሲያለቅሱ እንዳላይ ነው። ወሬው እንዳያመልጣቸው ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጡም፤ ዳቦ ጋጋሪው ሞቱ እንዴ ብሎ ሄዶ አንኳኳ። ወይ ሴትዮ! ዛሬ ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው የማልነግረውን ልንገርሽ። ፒፓ፣ ቤት ውስጥ ልብስ ማስጫ አለኝ፣ ምድጃው አጠገብ። ስድስት ሳምንት አፌን ዘግቼ፣ ሸሚዙን መንገድ ዳር ማስጣቴ ምን ነክቶኝ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ። የወደቡ ቤት፣ የእስር ቤቱ ግቢ፣ የማዕድን ከተማው፣ ይኸው አባትሽ በተዛወረ ቁጥር ሰባት ቤት ጠቅልዬ ፈትቻለሁ። እዚህ ስንመጣ "የመጨረሻው ነው" ብሎኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ሰው ሆንኩ። የመንደሩን ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ቁም ሳጥን አንሥቼ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ በእግዜር፣ ደስታው ሊያፈነዳኝ ነው! ግን መሄዱን አልፈለግኩም።

እንግዶቹ ሲሸኙ ከአባትሽ ጋር ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ ሳላስበው ዘረገፍኩለት። "ጄፍሪ፣ ሸሚዙን ውጭ ያሰጣሁት ሆን ብዬ ሳይሆን አይቀርም" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጆሮው ድረስ ቀላ። "እኔም አይቼው ነበር" አለኝ።

"መቼ?"

"እንደወጣሽ። በመስኮት። ሻዬን ይዤ ቆሜ ሳየው ቆየሁ፣ አላነሣሁትም።"

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?"

"አልሄድም ማለት ከብዶሽ ከሆነ ሸሚዙ ይናገርልሽ ብዬ ነው። እኔ ደፍሬ መጠየቅ አቃተኝ።" ከዚያ ሲኒውን አስቀመጠ። "አሁንም ደብዳቤ ጽፌ ልተወው እችላለሁ። እንሂድ ወይስ እንቅር፣ ሲሊያ?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ፒፓዬ፣ ዕቃ እንድጠቀልል ነግሮኛል እንጂ ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ? "ላስብበት" አልኩት! አሁን ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቶ "ጨረስሽ ወይ?" አለኝ። እንደምሄድማ ገና ሲጠይቀኝ ወስኛለሁ። ግን ተይው፣ ትንሽ ይጠብቅ፤ መጠየቅ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

እግዚአብሔር ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ በሽተኞችሽ ይዳኑልሽ፣ መልካሙን ሁሉ ያሳይሽ የኔ ልጅ።

በጣም የምትወድሽ እናትሽ
ሲሊያ