አራት ቦርሳ ለአምስት ሰው

ውድ ኤቢሴ፣

አካም ጂርታ? ስደውልልሽ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አዮ እንዴት ነች?» ትይኛለሽ። እኔም ስለ እናታችን ደም ግፊት፣ ስለ ልጄ ስለ ሮዳስ ፈተና አወራሽና እዘጋዋለሁ። ልነግርሽ የደወልኩት ነገር ሳይነገር ይቀራል። ቡራዩ ከገባሽ ሰባት ወር ሆነሽ፤ ሰባት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው። አፌ እምቢ ስላለኝ ዛሬ ወረቀት አወጣሁ።

ስለ ቦርሳዎቹ ነው። «ተይው ገለቴ፣ እሱ እኮ አልፏል» እንደምትይ አውቃለሁ። እኔ ዘንድ አላለፈም።

ያን የገና ሰሞን መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እዚህ ሰበታ ድረስ መጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሲያንጫጫ፣ እኔ ምን ያህል እንደተንቀለቀልኩ ታስታውሻለሽ። እንዴት አልንቀለቀል? ዓለም ገና ባለው ፋብሪካ ውስጥ የደህንነት ኃላፊ ነኝ። ሠራተኛውን ሰብስቤ «በራችሁ አጠገብ ቦርሳ ይኑር፣ ቤተሰባችሁን በስም ቁጠሩ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ገመቺስ «ሴትዮ፣ ልትዘምቺ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ መርካቶ ወርጄ የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ። ለአዮ፣ ለገመቺስ፣ ለሮዳስ፣ ለራሴ። ሻጩ «አምስተኛ ልጨምርልሽ?» ብሎኝ ነበር። «አራት ነን» አልኩት። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ውስጣቸውን የሞላሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብስኩት ስደረድር «ብስኩት አንጀት አይጠግንም» ብለሽ ገብሱን ቆልተሽ አስፈጨሽ፤ ጩኮውን በቅቤ አሽተሽ በአራት ቆርቆሮ ጠቀጠቅሽ። ባትሪውን፣ ፋሻውን፣ የአዮን መድኃኒት በላስቲክ ጠቀለልሽ። በመጨረሻ ቦርሳው እንዳይምታታ ብለሽ የየሰዉን ስም በቀይ ክር ሰፋሽበት። አራተኛውን ስትጨርሺ መርፌውን እንደያዝሽ ቀና አልሽና «ሌላ የሚሰፋ አለ?» አልሽኝ።

«የለም፣ አለቀ» አልኩሽ። «አንቺ የአዮን ቦርሳ ትይዣለሽ፣ በሌላው እጅሽ ሮዳስን።»

እጆችሽን ቆጥሬያቸው ነበር ማለት ነው። «እሺ» ብለሽ ክሩን በጥርስሽ በጠስሽው።

ረስቼሽ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ አልረሳሁሽም። መርካቶ ላይ ትዝ ብለሽኛል። «ኤቢሴ ምን ቸገራት፣ የትም ብትሆን ትችላለች» ብዬ አለፍኩሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላንቺ የማስበው እንደዚያ ነው። የተረፈውን ትበያለሽ፣ የጠበበኝን ትለብሻለሽ፣ አዮ ስትታመም አጠገቧ ትተኛለሽ። እኔ ደግሞ «እህቴ ጠንካራ ናት» እያልኩ ሰው ፊት አመሰግንሻለሁ።

ከዚያ ያ ንጋት መጣ። አልጋው ሲወዛወዝ እንዳስጠናኋችሁ ሁላችሁም ወጣችሁ፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ኮርቼ ነበር። ሜዳው ላይ ውርጩ እግር ይቆርጣል። ሁላችንም ቦርሳችንን ከፍተን ብርድ ልብሳችንን ተከናነብን፣ ካልሲያችንን አጠለቅን። አንቺ የአዮን ቦርሳ አስቀምጠሽ፣ ሮዳስን ከጀርባሽ አውርደሽ፣ በዚያች በስስ የቤት ቀሚስሽና በነጠላ ጫማ ቆምሽ። ሮዳስ ነች የጠየቀችው።

«አክስቴ፣ ያንቺ ቦርሳ የታለ?»

እኔን አየሽኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «የአክስትሽ ዕቃ አዮ ቦርሳ ውስጥ ነው» አልኩ። አንቺ ደግሞ፣ እኔን ልታድኚ፣ «አዎ፣ እዚያ ነው» አልሻት።

አዮ ሰማች። ቦርሳዋን ሳሩ ላይ ዘረገፈችው። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ካልሲ፣ አንድ ሹራብ። ሁሉንም እያነሳች አየችው።

«ገለቴ፣ ስንት ነን?»

«አምስት።»

«ቦርሳውስ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ብርድ ልብሷን አንቺ ላይ ጣል አደረገች። «አይ አዮ፣ አልበረደኝም» ብለሽ መለስሽላት፤ ጥርስሽ ግን ይንቀጫቀጭ ነበር። እኔ የራሴን አውልቄ ልሰጥሽ ይገባ ነበር። አልሰጠሁሽም። አውልቄ ብሰጥሽ ጥፋቴን ማመኔ መሰለኝና ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

በሳምንቱ ፋብሪካው ውስጥ «ቤተሰቤን እንዴት እንዳወጣሁ» ብዬ ንግግር አደረግሁ። አራቱን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ «አንድም ሰው ሳንረሳ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እኔን ነው።

በየካቲት «ቡራዩ ሥራ አገኘሁ» ስትዪ ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም። ልብስሽን በሁለት ፌስታል ይዘሽ ወጣሽ። አራቱ ቦርሳዎች በሩ አጠገብ ተሰቅለው ነበር፤ በአጠገባቸው አልፈሽ ነው የሄድሽው። የአንዱን ዕቃ ገልብጬ «ይኸው፣ በዚህ ያዢ» ብልሽ ምን ነበረበት? «የተዘጋጀ ነው፣ አይነካም» ብዬ አሰብኩ። ሰው ከቤት ሲወጣ፣ እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ እጠብቅ ነበር።

ከሄድሽ ወዲህ አዮ ከቤት የመውጣት ልምምዱን እምቢ አለች። ፊሽካ ስነፋ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ኢንተሊ ኮ ኤሳ ጅርቲ?» ትለኛለች። ልጄ የት አለች ነው የምትለኝ፣ ልጇ ፊቷ ቆሜ። «አዮ፣ እውነተኛው ቢመጣስ?» ስላት «እሷ ሳትመጣ አልወጣም» ትላለች። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ባለፈው ማክሰኞ ትንሽ ሲነቃነቅ ገመቺስ ተሸክሞ ነው ያወጣት፣ ደረቱን እየደበደበችው።

ያን ማግስት ብስኩቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ለማየት ቦርሳዎቹን ከፈትኩ። ጩኮሽ ምንም አልሆነም። በየቦርሳው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የሸፈንኳት ካርድ አለች፤ ስም፣ የደም ዓይነት፣ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው። የአዮን አነበብኩ፣ ያንቺ ስልክ ነው። የሮዳስን አነበብኩ፣ ያንቺ ነው። የገመቺስም። የኔንም አወጣሁ። እሷም ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ኤቢሴ ዲሪርሳ» ይላል። አራታችንም ብንወድቅ የምንጠራው አንቺን ነበር ማለት ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወዲያው ተነስቼ አምስተኛ ቦርሳ ገዛሁ። ስምሽንም ሰፋሁበት፤ ክሩ ተጣሟል፣ ትስቂብኛለሽ። ካርድሽ ላይ የሚደወልለት ሰው ብዬ የኔን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ነገር ማስገባት አቃተኝ። የደም ዓይነትሽን አላውቅም። የምትውጪው መድኃኒት ይኑር አይኑር አላውቅም። ጫማ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ልጁ «ቁጥሯ ስንት ነው?» ሲለኝ ባዶ እጄን ወጣሁ።

የመጨረሻ የማውቀው የኮንጎ ጫማሽን ነው። ወላጅ እናትሽ ሞታ አባባ ኦቦ ዲሪርሳ በጉዲፈቻ የወሰደሽ ዕለት፣ ወይፈን ታርዶ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲያበቁ ሁለታችንን ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን አቆመን። «ከዛሬ ጀምሮ የገለቴ የሆነው ሁሉ የኤቢሴ ነው» አለ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ እግራችንን በክር ለካ፣ መጀመሪያ ያንቺን ቀጥሎ የኔን። በገበያ ቀን ሁለት አንድ ዓይነት ኮንጎ ይዞ መጣ። ያልተማረ ገበሬ ነበር፤ ሁለት ልጅ መቁጠር ግን ያውቅ ነበር።

ኤቢሴ፣ ይቅርታሽን በደብዳቤ አልጠይቅም፤ «ግድ የለም» ብለሽ ትገላግዪኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ተመለሺ ብዬም አላዝሽም፤ ሳዝሽ ኖሬአለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡራዩ እመጣለሁ። ባዶ ቦርሳና አንድ ክር ይዣለሁ። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ በሩን ገርበብ አድርጊና እግርሽን ብቻ አውጪልኝ፤ ደጃፍሽ ላይ ተንበርክኬ እለካለሁ።

የጫማ ቁጥርሽን የማታውቀው እህትሽ፣
ገለቴ ዲሪርሳ