ለእማዬ ተብሎ የተዘረጋ ክንድ

ውድ እትዬ፣

ስልክሽን የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም። ባነሳው እጮህብሻለሁ፣ ስጮህ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ ደግሞ እኔው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕድሜያችንን ሙሉ እንደዚያ ነው የጨረስነው። የአሁኑ ግን እንደዚያ አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ፤ አንቺም እባክሽ ቁጭ ብለሽ፣ ለጎረቤት ሳታስነብቢ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ደም መቅጃው ክፍል ውስጥ ከልጅሽ እጮኛ ጋር የተነጋገርነውን የምጽፍልሽ እሷ ስለፈቀደችልኝ ነው። "ይጻፉላቸው፤ እኔ የማፍርበት ነገር የለኝም" አለችኝ። ባትፈቅድልኝ ኖሮ ይህን ወረቀት አታዪውም ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ደውለሽ "ልጄ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ይዤልሽ መጣሁ፣ ደሟን እይልኝ" ስትዪኝ ደስ ነበር ያለኝ። ተማክራችሁ መስሎኝ ነዋ! ሰው ከመጋባቱ በፊት ቢመረመር ምን ክፋት አለው? የምሠራበት ላብራቶሪ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ "ሁሉንም እይልኝ፤ እርግዝናም ቢሆን፣ ያ በሽታም ቢሆን። ውጤቱን ለእኔ ብቻ" አልሽኝ። "ውጤት የሚሰጠውማ ለእሷ ነው" ልልሽ አፌን ስከፍት አንቺ ወንበር ይዘሽ ተደላድለሻል። ውስጥ ገብቼ ራሷን ብጠይቃት ይሻላል ብዬ ተውኩሽ።

ልጅሽ "ዓይኔ" እያለ የሚጠራት፣ መነጽር ቤት የምትሠራዋ ልጅ፣ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰብስባ ጠበቀችኝ። ላስቲኩን ክንዷ ላይ አሰርኩ። ደም ስሯ ሳልፈልገው ብቅ አለ። ከዚያ ማንንም ስቀዳ የምጠይቀውን ጠየቅኳት። ስሟን በራሷ አፍ ነገረችኝ። "ደምሽ ለምን እንደሚቀዳስ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ለእማማ ነዋ" አለችኝ።

"ለየትኛዋ እማማ?"

"ለእርስዎ እናት። በጠና ታመዋል፣ ደም ያስፈልጋቸዋል ተብዬ። ቁርሴን ጥግብ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እንዳልወድቅባችሁ። አንድ ከረጢት ካነሰ ጨምሩ፤ ሲያዩኝ ነው ቀጭን የምመስለው፣ ብርቱ ነኝ።"

ጉድ እኮ ነው፣ እትዬ! እማዬን ያን ጠዋት ትቻት የወጣሁት በውሃ መውረጃው ቦይ ሰበብ ከጎረቤት ጋር ስትጨቃጨቅ ነው። ድምጿ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። አንቺ እሷን አልጋ ላይ አስተኝተሽ፣ የሰው ልጅ በደግነቷ ክንዷን እንድትዘረጋ አደረግሽ። ሌላ ውሸት አጥተሽ ነው? ላስቲኩን ፈታሁት። "የኔ ልጅ፣ እናቴ ደህና ናት። የመጣሽው ለምርመራ ነው" አልኳት። መጀመሪያ ያለችው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "እሰይ! ደህና ናቸው?" አለች። ነገሩ የገባት ከዚያ በኋላ ነው፤ እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደችው።

ስወጣ "አለቀ?" አልሽኝ።

"አልቀዳሁም፣ አታለሽ ነው ያመጣሻት" ስልሽ ተቆጣሽ እንጂ አልደነገጥሽም። "አንቺ ደግሞ! ክንዷን ዘርግታልሽ የለ? ቀድተሽ ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?"

እኔ አውቃለኋ! ክንዷን የዘረጋችው ለእማዬ ነው፤ ለአንቺ ጥርጣሬ አልዘረጋችም። በውሸት የተገኘ ፈቃድ በሕግም ፈቃድ አይባልም። ሰው ሳይፈቅድ መርፌ ከሰካሁበት በዱላ ከመታሁት አልለይም፤ ጓንት ማጥለቄ ሕክምና አያደርገውም። ይህን እየነገርኩሽ በሰው ሁሉ ፊት "ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ሕግ ታነቢልኛለሽ?" አልሽኝ።

አሳድገሽኛል፣ እትዬ። ልክድሽ አልችልም። ልጅ ሆኜ መርፌ ልወጋ ስንሄድ ሁሉም "አያምም" ሲለኝ አንቺ ብቻ እጄን ይዘሽ "ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ዛሬ በሽተኛዬን የማልዋሸው ያንን ካንቺ ሰምቼ ነው። ነግሬሽ ግን አላውቅም። እና ያቺው ሴት ትልቅ ሆና፣ ልጅ አሳድጋ፣ ምራት ልታገኝ ስትል እንዴት እንዲህ ሆነች? ቆሽቴ ያረረው በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ መደወል ጀመርሽ። "ተመልሳ መጣች ወይ? ተመረመረች? ምን ወጣ? አንድ ቃል ብቻ በይኝ፣ ደህና ናት ወይስ አይደለችም?" አልነገርኩሽም። ዛሬም አልነግርሽም። መምጣት አለመምጣቷንም ጭምር። መጥታ እንደሆነ የእሷ ጉዳይ ነው፤ ሳትመጣ ቀርታ እንደሆነም የእሷ ጉዳይ ነው።

አንቺ ግን ዝምታዬን መርዶ አደረግሽው። "እህቴ እዚያው የምትሠራ ሆና ዝም ያለችው አንድ ነገር ቢኖር ነው፤ ደህና ነገርማ ማን ይደብቃል?" ብለሽ ለአክስታችን ነገርሽ። አክስታችን ደግሞ ምን ዓይነት አፍ እንዳላት ታውቂያለሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ልጅቷ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። የሰማችው እንዴት መሰለሽ? የአንዲት ደንበኛን መነጽር ልታስተካክል እጇን ወደ ፊቷ ስትሰድ ሴትዮዋ "እሷ እንዳትነካኝ!" ብላ ከወንበሩ ተነሳች። የአንቺው የማኅበር ጓደኛ ናት፤ ማን እንደሆነች አንቺ ታውቂያታለሽ። የመነጽር ቤቱ ባለቤትም "ወሬው እስኪበርድ" ብሎ ከኋላ ክፍል መስታወት እንድትሞርድ አስገባት። የሰው ፊት አይታ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቆረቁረውን አቅንታ፣ "አሁንስ?" ብላ የምትስቅ ልጅ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ደስ አለሽ?

እማዬ ራሷ ለመነችኝ። መጀመሪያማ ታማለች መባሏን ስትሰማ "ሟርተኛ! በቁሜ ደም ትለምንልኛለች?" ብላ አንቺን ስትረግም አመሸች። ሲበርድላት ግን "አንቺም ግትር ነሽ፤ 'ደህና ናት' በያቸውና የልጅቱን ስም አድኚ" አለችኝ። እትዬ፣ ያን ቃል እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቂኝ። ግን ዛሬ ስለ አንዷ "ደህና ናት" ካልኩ፣ ነገ ዝም ያልኩለት ሰው ሁሉ ተፈረደበት ማለት ነው። ለልጅቷም እንዲሁ አልኳት። እሷ የመለሰችልኝን ብትሰሚ ታፍሪ ነበር። "እኔም እንዲነግሯቸው አልፈልግም። ዛሬ በደሜ ካመኑኝ፣ ነገ ደግሞ በምኔ ሊያምኑኝ ነው?"

ልጅሽም መጥቶ ነበር። ለእሱም "ሄደህ ራሷን ጠይቃት" ነው ያልኩት። ሄዶ ተመልሶ "መስማት የነበረብኝን ከእሷ ሰምቻለሁ" ብሎኝ ወጣ። አንቺ ዘንድ ለምን እንደማይመጣ እኔን አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ልጅቷ በስም ማጥፋት ልትከስሽ ጠበቃ ይዛለች። አንድ መንገድ ትታልሻለች። የነገርሻቸው ሰዎች ቤት በእግርሽ ሄደሽ፣ መነጽር ቤቱም ገብተሽ፣ "ስለዚህች ልጅ ጤና የማውቀው የለም፤ ዋሽቼ ነው የወሰድኳት" ብትዪ ክሱን ትተወዋለች። "ደህና ናት" እንድትዪ አልጠየቀችሽም። የማታውቂውን "አላውቅም" በይ ነው ያለችሽ። ለአክስታችን ለመንገር የፈጠነው አፍሽ ለዚህ አይሰንፍ።

እምቢ ካልሽ ምስክር እንድሆን ጠይቃኛለች። እሺ ብያታለሁ። ስለ ደሟ ቢጠይቁኝ በእሷ ፈቃድ ካልሆነ አንድ ቃል አልናገርም። ማን እንዳመጣት፣ ምን ብላ እንዳመጣቻት፣ ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳለችኝ ቢጠይቁኝ ግን አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። ጠበቃሽ ተነስቶ "ይቺ ያሳደገችሽ እህትሽ አይደለችም ወይ?" ይለኛል፤ መቼም የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም። "ናት" እላለሁ። እዚያ ላይ ማልቀሴ አይቀርም፣ አውቀዋለሁ። እንባዬን ጠርጌ ቃሌን እጨርሳለሁ።

ያሳደግሻት ታናሽሽ