ለጂሎ፣ ስለ ድምፅ ማጉያዎቹ

ጂሎ፣

የድምፅ ማጉያዎቹን ጀርባ ፈትቼ ያረጁትን ኮንደንሰሮች ቀይሬልሃለሁ። ቀጭኑን ድምፅ ለትንሹ ስፒከር የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው፤ የእናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዘፈኗ የታፈነው እነሱ ስለደከሙ ነው። ዘፈኑ የተቀዳበት ቴፕ ራሱ ደህና ነው፤ እንዳትጥለው።

መጀመሪያ ስትከፍተው ድምፁን ዝቅ አድርግ።
ሽቦዎቹን አትነካካ።

ከክሊኒክ እስክትመለስ ልጠብቅህ አስቤ ነበር፤ የሞያሌው መኪና ግን ሊነሳ ነው። ትናንት መዛወሬን ስነግርህ «እዚያ ሙቀቱ ይብሳል» ብለህ ወጣህ። ሌላ የምትለው ያለ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ።
ይሁን። ሁለታችንም ደክሞናል።

ቴፑን ሞክሬዋለሁ። ዘፈኑ ሲያበቃ እናትህ በሹክሹክታ ስምህን ጠርታ አንድ ነገር ትልሃለች፤ እስከ ዛሬ ተሰምቶን አያውቅም። ኦሮምኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር፤ ግን ያንተ ስለሆነ ሳልጨርሰው ማጫወቻውን ዘጋሁት።

ኃይለመስቀል