ባትሪውን የጨረሰው ቀይ ሽቦ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን አለህልኝ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም ድዷን እያሳየች ነው የምትስቀው? በብርድ የሚነሳብህ ሳልስ ተወህ? እኛ ሁላችንም በጤና አለን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ጠዋት ማታ ትቆጣኛለች። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ ከቤት ሰው የሞተ እንዳይመስልህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሞተር ሳይክሌ ባትሪ ነው። ክር፣ ዚፕና ገበር ለልብስ ሰፊዎች የማዞርባት ሞተር የዛሬ ወር ገደማ አንድ ሰኞ ጠዋት አልነሳ አለች። ባትሪው አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። በሚቀጥለው ሰኞ አዲሱም ሞተ። ስነዳት በምውልባቸው ቀናት ምንም አትሆንም፤ ሁለት ቀን ከቆመች ግን ድርቅ ትላለች። የዕለት የዕለቱን በማስታወሻ ደብተሬ የመጻፍ አመሌን ታውቀዋለህ። ሦስት ሰኞ ከጻፍኩ በኋላ ጥፋቱ የባትሪው እንዳልሆነ ገባኝ።

ኤሌክትሪክ ሠሪው ጋ ወሰድኳት። አስነስቶ ለካና "ቻርጅ አደራረጓ የጤነኛ ነው" አለኝ። ከዚያ አጥፍቷት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታ፤ መለኪያውን በመሀል አስገባ። ጠፍታ ቆማ እያለ መለኪያው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አሳየ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ቢነቅልም ቁጥሩ አልወረደም። "ጋሼ፣ በቀጥታ ከባትሪው የሚጠባ ነገር አለ፤ ደባል ገብቶብሃል" ብሎ ሳቀ። መቀመጫውን አንስቶ አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ ተከተለና ከኋላ መብራቱ ሥር በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አወጣ። ሲም ካርድ አላት። "ይቺ እኮ የት እንዳለህ የምትናገር ናት፤ ሞተር አከራዮች ያስገጥሟታል። አንተ ነህ ያስገጠምካት?" አለኝ። አዎ፣ ለሌባ ብዬ ነው፣ ረስቼው ነው አልኩት። "አይ ጋሼ! የገዛ ዘበኛህን ሳታውቀው ስትቀልብ ከርመሃላ!" ብሎ አላገጠብኝ። አብሬው ሳቅሁ፤ እኔ ግን አላስገጠምኳትም። እንደነበረች መልሶ እንዲያስራት ነገርኩት።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ባትሪው መጀመሪያ ከሞተበት ሰኞ በፊት በነበረው ዓርብ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ "የእህቴ ባል ሞተሯን ለግማሽ ቀን ተዋሰ። አጥቦ መለሰ።" የገዛ ጫማውን አጥቦ የማያውቅ ሰው! ገርሞኝ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ዓርብ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ እሱ በተቀመጠበት ስላንተ ለእናታችን "በኅዳር መጨረሻ በሞተር ሄጄ አየዋለሁ" ብያት ነበር። ያለህበትን ቤት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሌላም አለ። የገዛ መጋዘኑን ሲያቃጥል አይተህ የመሰከርክበት፣ ዘበኛው በእሳቱ የሞተበት ሰውዬ ከእስር ተፈትቷል። የእህታችን ባል ደግሞ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ የእሱ ሾፌር ነው። "ሥራ ሥራ ነው" ብሎኝ ነበር፤ እኔም ነጋዴ ነኝና አልፈረድኩበትም።

ሳጥኗን ያልጣልኳት አውቄ ነው። ብጥላት ማወቃችንን ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ በሽቦ አይጠይቁንም። ስለዚህ በየቀኑ የለመድኩትን መንገድ እነዳለሁ፣ ከአንዱ ልብስ ሰፊ ወደ ሌላው። ትናንት አማቻችን ሱቅ ድረስ መጥቶ "ምነው፣ ወሩ እኮ አለቀ፣ አትሄድም እንዴ?" አለኝ። ባትሪው አስቸግሮኛል አልኩት። "እሱን ለእኔ ተወው፣ ሌላ እገዛልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ሂድ" አለ። አመሰገንኩት።

አልመጣም። ለእናታችን ሞተሯ ረጅም መንገድ አትችልም ብያት አኩርፋኛለች። ለእህታችን ምንም አልነገርኳትም፤ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ገበታ ትቀርባለች፣ ፊቷ ደግሞ መደበቅ አያውቅም።

አንተ ይህ በደረሰህ ሳምንት ቤት ቀይር። አዲሱን ቤት ለእኔም አትንገረኝ፤ ያላወቅሁትን ማንም ከአፌ አያወጣውም። ስልክም አትደውል። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ደንበኛዬ ልጇን ልትጠይቅ በአውቶቡስ የምትመጣ ልብስ ሰፊ ናት። ከነገርኳት ከበርህ ምልክት በቀር የምታውቀው ነገር የለምና መልስ አትስጣት።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ካንተ ይልቅ እሷ ቶሎ ትቆርጣለችና ይህን አሳያት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እናታችን እግዜር ይጠብቅህ ብላሃለች፤ ከምን እንደሚጠብቅህ ግን አታውቅም። እህታችንም ትናፍቅሃለች፤ ሰሞኑን "አድራሻውን ስጠኝና ልጻፍለት" ማለት አብዝታለች። ማን እንዳስባላት አልጠየቅኋት።

በዕድሜዬ በርህን ዝጋብኝ ብዬህ አላውቅም። ሞተሯን በሰፈርህ ካየሃት ግን፣ የሚነዳት እኔ ብሆን እንኳ፣ እንዳትከፍት።

ታላቅ ወንድምህ
ከሱቁ፣ ኅዳር 28 ቀን ጠዋት